እምቢ ያልኩበት ዋሻ

ዋና አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር፣ ዛሬም አልችልም፣ ለመማርም ሐሳብ የለኝም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰሙ ሰዎች «አንቺማ ውሃ አትፈሪም» ስለሚሉኝ ነው። ኧረ እፈራለሁ! የዚያን ቀን ግን ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ በለጠ፣ በቃ።

ሐና እባላለሁ። ጁባ ከተማ ውስጥ «ናባሪ» በሚባለው ሰፈር ከጓደኛዬ ከሶስና ጋር የሴቶች ጸጉር ቤት አለን። ከአዲስ አበባ የመጣነው አብረን ነው፤ የምንኖረውም አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ ንያኩሮን አካባቢ ኅብረታችን በተከራየው አዳራሽ እናመልካለን፤ እኔ እዚያ ዘማሪ ነበርኩ። ለእኛ ለአበሾች ጁባ ትንሽ መንደር ናት። ወባ የያዘው፣ ፖሊስ ያስቆመው፣ የቤት አከራይ ያባረረው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለኅብረቱ ነው። ከኅብረቱ የወጣ ሰው ስልኩ ላይ የሚደውልለት ቁጥር የለውም ማለት ይቻላል። እምቢ ማለት ለምን እንደሚከብድ የሚገባችሁ ይህን ካወቃችሁ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የደንበኛ ጸጉር እየሠራሁ ሳለ ናትናኤል መጣ። ናትናኤል የውሃ ፓምፕ የሚሸጥና የሚጠግን የኅብረታችን ልጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ሁሉ በቀለለኝ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ «እህት ሐና፣ አንዴ ላናግርሽ» አለኝ። እጄ ላይ ቅባት እንዳለ ወጣሁ።

«ጌታ ስለ አንቺ አሳይቶኛል» አለ።

«ምን አሳየህ?»

«ሚስቴ እንደሆንሽ።»

ይህን ልማድ የማያውቅ አንባቢ ይስቅ ይሆናል። እኛ ዘንድ አያስቅም። ወንዱ «ወድጄሻለሁ» ቢል ሴቷ «እኔ አልወደድኩህም» ትላለች፣ አለቀ። «ጌታ አሳየኝ» ካለ ግን እምቢ የምትለው ማንን ነው? ስለዚህ ሁላችንም የምናመልጥባት አንዲት ቃል አለችን፤ «ልጸልይበት» እንላለን። ጨዋ እምቢታ ናት፣ የገባው ሰው ደግሞ አይመጣም። እኔም «ልጸልይበት» ብዬው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ናትናኤል ግን እሺ ያልኩት መስሎት በደስታ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ከሩቅ ፈገግ ይልልኛል፤ እኔ ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ።

ጋሽ ጌዲዮን የኅብረቱ መሪ ናቸው። ጁባ ከገቡ የቆዩ፣ ብዙ ሰው ያሳከሙ፣ ብዙ ሰው ከእስር ያስወጡ ሰው ናቸው፤ እኔንም ወባ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ በገዛ መኪናቸው ሐኪም ቤት ወስደውኛል። አንድ እሁድ ከስብከት በኋላ «የዘመን መለወጫን በዓል በጀልባ ሽርሽር እናሳልፋለን» ብለው አስታወቁ። በወንዙ ሽቅብ፣ ከሎሎጎ አልፎ፣ ውሃው ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው ዋሻ አለ፤ ሰው ገብቶ ቢዘምር ድምፁ ያስተጋባል አሉ። እኔ ጁባ ስኖር ከድልድዩ ላይ ካልሆነ ናይልን በቅርብ አይቼው አላውቅም። ዋሻና ዝማሬ ሲሉኝ ልቤ ዘለለ።

የሄድን ቀን ጠዋት ሶስና ጸጉሬን ካልሠራሁ ብላ ያዘችኝ። «ለጀልባ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» ስላት «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ፎቶ አለ» አለችኝ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ጀልባው ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከላይ ሸራ የተወጠረበት፣ ከኋላ ሞተር ያለው። ባለጀልባው ቾል ይባላል። ልጅነቱን ጋምቤላ ያሳለፈ፣ አማርኛ እንደኛው የሚናገር፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። «ሰላም ታኪ፣ እህቴ» ብሎ በጁባ ዓረብኛ ሰላምታ ሰጥቶ እጄን ይዞ አሳፈረኝ። ከዚያ ሁለት ነገር አስጠነቀቀን። አንደኛው፣ ድልድዩ አጠገብ ስልክ እንዳናወጣ፤ ወታደር ካየ ጣጣ ነው። ሁለተኛው፣ ላይፍ ጃኬቱን እንድንለብስ። የመጀመሪያውን ሰማነው። ጃኬቱ ግን የበዓል ልብሳችንን ስለሚሸፍንብን አጣጥፈን ተቀመጥንበት። እውነቱን ለመናገር ለመቀመጫ ተመችቶን ነበር።

ጋሽ ጌዲዮን እግራቸው ሥር ትልቅ የፕላስቲክ የኬክ ሳጥን ነበር።

«የማን ልደት ነው?» አልኩ።

ሴቶቹ ተያዩና ሳቁ። ሶስና ወደ ወንዙ ዞረች። ያኔ ጠረጠርኩ፤ ግን ጀልባው ተነሥቷል፣ ከጀልባ ላይ ደግሞ ወራጅ አለ አይባል።

መንገዱ ያምር ነበር፣ ይህን አልክድም። የክረምቱ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ቡናማ ሆኗል፤ የውሃ ሣር በጉማጅ በጉማጁ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ሎሎጎ ጋ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ጄሪካን የጫኑ ሞተር ሳይክሎች ወደ ውሃው ይወርዳሉ። እኛ እንዘምራለን፣ ቾል በሞተሩ ድምፅ ላይ ያፏጫል። ናትናኤል ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የኪሱን ቁልፍ በየደቂቃው ይነካካል።

ዋሻው እንዳሉት ነበር። ቾል ሞተሩን አጥፍቶ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ውስጥ አስገባና ዳር ላይ ካለ ሰፊ ድንጋይ ጋር አሰረው። ወረድን። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ የሌሊት ወፍ ይሸታል፣ የውሃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንቀሳቀሳል። መዘመር ስንጀምር ድንጋዩ ድምፃችንን አባዝቶ መለሰልን። እንባዬ መጣ። እንደዚያ ዘምሬ አላውቅም።

ዝማሬው ሲያበቃ ጋሽ ጌዲዮን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዛሬ እዚህ የመጣነው ለሽርሽር ብቻ አይደለም» አሉ። «ጌታ ለወንድማችን ተናግሯል፤ ለእኔም መስክሮልኛል። ናትናኤል፣ ሐና፣ ወደ ፊት ኑ።»

እልልታው ዋሻውን አናጋው። አንዷ የኬኩን ክዳን ከፈተች፤ ነጩ ክሬም ላይ በቀይ ስሜና ስሙ ተጽፏል። ናትናኤል የሸሚዙን ኪስ ከፍቶ ቀለበት አወጣ።

ክው አልኩ። ሶስናን አየኋት፤ እሷ እያለቀሰች ታጨበጭባለች። ሁሉም ያውቁ ነበር! ከእኔ በቀር ሁሉም! ቦታውን ደግሞ አስቡት። ከኋላዬ ድንጋይ፣ ከፊቴ ውሃ፣ መመለሻዬ የእነሱው ጀልባ። አዳራሽ ቢሆን ሽንት ቤት ሄጃለሁ ብዬ እጠፋ ነበር። «ልጸልይበት» የምትለዋ ቃል አፌ ድረስ መጣች። ብላት ደግሞ እዚያው እጣቴ ላይ ቀለበት እንደሚገባ ገባኝ።

«አልፈልግም» አልኩ።

ድንጋዩ እሷንም አባዝቶ መለሳት። እልልታው ተቆረጠ።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ጌዲዮን።

«ናትናኤልን ማግባት አልፈልግም ጋሼ።»

«ልጸልይበት ብለሽኝ ነበር እኮ» አለ ናትናኤል ቀስ ብሎ።

«ጸለይኩ። አልፈልግም።»

ጋሽ ጌዲዮን ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ እምቢ የምትይው ናትናኤልን መስሎሻል? የተናገረው ጌታ ነው።»

«ጋሼ፣ ጌታ እኔንም ያውቀኛል» አልኳቸው። «ለባል ሲያሳየው ለሚስት ማሳየት የሚከብደው አምላክ የለኝም።»

ያን ጊዜ አንድም ሰው ከጎኔ አልቆመም። ኬኩ ሳይቆረጥ ተከደነ። «በሉ እንመለስ» አሉ፤ ወደ ጀልባው ገባን። ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም፤ ሶስና እንኳ ርቃ ተቀመጠች።

ከዋሻው ስንወጣ ሰማዩ በስተደቡብ ጠቁሯል። ቾል ቀና ብሎ አየና ሞተሩን አስጮኸው። ብዙም አልሄድን፣ ንፋሱ መጣ፤ ሸራውን ከጭንቅላታችን በላይ ያንዠዋዥወዋል፤ ዝናቡ በጎን ይገርፈናል። ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃሰተና ቀጥ አለ። በዝናቡ ውስጥ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ጀልባው ጎኑን ለወንዙ ሰጥቶ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ።

«መሌሽ፣ መሌሽ፣ አትደንግጡ» አለ ቾል ወደ ኋላ ጎንበስ ብሎ እያየ። «የአሳ መረብ ነው፣ ከታች ተጠምጥሞበታል። እቆርጠዋለሁ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ ብቻ፤ እዚያ ታች ድንጋይ አለ።»

አየሁት። ከፊታችን፣ ወንዙ መሐል፣ ውሃው የሚፈነዳበት ጥቁር ነገር አለ።

ጋሽ ጌዲዮን ግን ሞተሩን አላዩም፣ ድንጋዩንም አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት። «በዚህ ጀልባ ውስጥ ከጌታ ፊት የሸሸ ሰው አለ» አሉ። «ንስሐ እንግባ። ተነሡ፣ እንጸልይ!»

ሁሉም ተነሡ።

የእኛን ጸሎት የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኛ ቆመን ነው የምንጸልየው። እጅ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሰው ይወዛወዛል፣ እግሩ ወለሉን ይመታል፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም በየራሱ ድምፅ ይጮኻል። አዳራሹ ሲሚንቶ ነው፣ ይችለዋል። ጀልባው ግን በአንድ ጎኑ አዘነበለ፤ ቡናማው ውሃ በጠርዙ ላይ ዘልሎ እግራችን ሥር ገባ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ወደ ሌላው ጎን ሲሄድ በዚያም ገባ። ከኋላ በግማሽ አካሉ ወደ ውሃው የተንጠለጠለው ቾል ሊወድቅ ደረሰ።

«ጌኒ! ጌኒ! ቁጭ በሉ!» እያለ ይጮኻል። በጸሎቱ መሐል ማን ይስማው!

ሶስና እጄን ያዘችኝ። ዝናብና እንባ ፊቷን አጥቦታል። «ሐንዬ፣ በፈጠረሽ! እሺ በያቸው! አንዴ እሺ በይና እንትረፍ!»

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እኔም ለአንድ አፍታ «እሺ ብልስ?» ብዬ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ቃሏን ብላት ሁሉም ደስ ብሏቸው ሊቀመጡ ይችላሉ። ከዚያ ግን ናትናኤልን አየሁት። አልጸለየም፤ ቀለበቱን በጡጫው ጨብጦ፣ ፈዝዞ፣ «እሺ» የሚለውን ቃል ከአፌ እየጠበቀ ቆሟል። ደሜ ፈላ። በሰው ሁሉ ሞት አስፈራርተው ሊድሩኝ!

አግዳሚው ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ዘማሪ ነኝና ያለኝን ድምፅ በሙሉ አወጣሁት።

«ቁጭ በሉ!»

ጸሎቱ ተቋረጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይቀመጡ! ከጌታ የሸሸሁት እኔ ከሆንኩ ወርውሩኝ! ያንን የሸሸውን ነቢይ ወረወሩት እንጂ አልዳሩትም!»

አንድ ሰው ሳቀ። እምላለሁ፣ በዚያ መሐል አንድ ሰው ሳቀ፤ ቾል ነው መሰለኝ።

«ጌታ ተቀምጦ የጸለየን ሰው ይሰማል» አልኩ። «ቁጭ በሉና ጸልዩ። ወለሉ ላይ! መሐል ላይ! የተቀመጣችሁበትን ጃኬት ልበሱ!»

መጀመሪያ የተቀመጠው ናትናኤል ነው። ውሃው ውስጥ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሶስና ተከተለች። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ወረዱ። በመጨረሻ ጋሽ ጌዲዮን ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ ተቀመጡ፤ ጀልባውም ተረጋጋ።

ውሃው ግን ገብቷል፤ ቁርጭምጭሚት አልፏል። ዙሪያዬን ስመለከት የኬኩን ሳጥን አየሁት። ክዳኑን ከፍቼ ኬኩን እንዳለ ወንዙ ውስጥ ገለበጥኩት። ስሜና ስሙ እየተንሳፈፈ ሄደ። እናንተዬ፣ ደስታዬን አልደብቃችሁም! ሳጥኑን ለናትናኤል ሰጠሁት፣ ክዳኑን እኔ ያዝኩ፤ ሁለታችን ተቀምጠን ውሃውን ወደ ውጭ መድፋት ጀመርን። ከጎናችን ሰዎቹ ተቀምጠው በለሆሳስ ይጸልያሉ። እኔም ውሃውን እየደፋሁ እጸልይ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ እንዳልሞት፣ ከሞትኩም እሺ ሳልል» ነበር ጸሎቴ።

«ኻላስ፣ አለቀ!» አለ ቾል ከኋላ። የተቆረጠውን መረብ ወርውሮ ሞተሩን ጎተተ። አልተነሣም። ድንጋዩ አሁን ቅርብ ነው፤ ላዩ ላይ የሚሰበረውን ውሃ እሰማለሁ። እንደገና ጎተተ። አስነጠሰና ቆመ። በሦስተኛው ያዘ፤ ጀልባው አፍንጫውን አዙሮ በድንጋዩ ጎን አለፈ። እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር።

ሎሎጎ ጋ ቾል ጀልባውን ሣሩ ውስጥ አስገብቶ አቆመው። ጭቃ ላይ ወርደን ሁላችንም ተቃቅፈን አለቀስን፤ እኔንም ማን እንዳቀፈኝ አላስታውስም። ጋሽ ጌዲዮን ግን ሳያቅፉኝ አለፉ።

በሚቀጥለው እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ጌዲዮን ማይኩን ያዙና ሞት አፋፍ ላይ ሳለን ተነሥተን ጸልየን ጌታ እንዳዳነን መሰከሩ። «አሜን» ተባለ። ምስክርነት ለማንም ክፍት ነው፤ ተነሥቼ ሄድኩና ማይኩን ጠየቅኩ። አልከለከሉኝም፤ በሰው ፊት እንዴት ይከልክሉኝ?

«ጌታ አድኖናል፣ አሜን» አልኩ። «የዳንነው ግን ስንቀመጥ ነው። ቾል የሚባል ሰው ሞተሩን ነጻ ሲያወጣ ነው። እኔ ደግሞ ዋሻ ውስጥ እምቢ አልኩ፤ ወንዝ ላይ እምቢ አልኩ፤ እዚህም እምቢ እላለሁ።» ማይኩን መልሼ ቦታዬ ሄድኩ። አሜን ያለ የለም።

በዚያው ሳምንት ከዘማሪነት «ለጊዜው እረፊ» ተባልኩ። ያ «ለጊዜው» እስካሁን አላለቀም። ጥቂት ደንበኞችም ቀሩብኝ። ሶስና ብዙ ቀን አኩርፋኝ ከረመች፤ አንድ ምሽት ሳህን እያጠበች በድንገት «እኔ ብሆን እሺ እል ነበር» አለችኝና አለቀሰች። ታረቅን። ከኅብረቱ ግን አልወጣሁም። ለምን እወጣለሁ? እሁድ እሁድ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ ከመዘምራኑ ጋር እኩል እዘምራለሁ፤ ወንበር ላይ የሚዘምርን ሰው እረፊ የሚል ደንብ የለም። ጋሽ ጌዲዮንን አሁንም ተነሥቼ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ላደረጉልኝ ነገር ሁሉ አመሰግናቸዋለሁ። ስላሳከሙኝ ግን ሊድሩኝ አይችሉም።

እህቶቼ፣ ይህን የምታነቡ፣ እናንተን ነው የማናግረው። «ልጸልይበት» አትበሉ። የምትጸልዩበት ካላችሁ ጸልዩ፤ እምቢታችሁን ግን በጸሎት አትጠቅልሉት። የጠቀለላችሁትን ሌላ ሰው ይፈታውና «እሺ» ብሎ ያነበዋል። እምቢ ማለት ሰማይ አይደፋም። እኔ ሰማዩ ሲደፋ እዚያው ወንዙ ላይ ነበርኩ፤ አይቼዋለሁ፣ ዝናብ ነው።

ናትናኤል ቆይቶ መጣ። ጸጉር ቤቱ ባዶ ነበር። እንደ መጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆመ፤ የዚያን ቀን ግን ጫማውን አላየም።

«ሐና፣ አንድ እውነት ልንገርሽ» አለ። «ጌታ ምንም አላሳየኝም። እኔ ነኝ የወደድኩሽ። እምቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።»

ወንበር ሰጠሁት። ተቀመጠ።

«እንዲህ ብዬ መጥቼ ቢሆን ኖሮስ?» አለ።

«ያኔም እምቢ እልህ ነበር» አልኩት። «ግን አንተን ብቻ ነበር እምቢ የምልህ።»